እመት ውሮ የቀሐ ናት

አባዬ፣

የዋሸችኝ ድመቷ አይደለችም። አንተ ነህ።

ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ያስተማሩን አስቀድሞ ጤና መጠየቅ፣ ከዚያ እኛ ደኅና ነን ማለት ነው። ግን ላንተ ጤና እንዴት ብዬ ልጠይቅ? እኛም ደኅና መሆን አለመሆናችንን ገና አላወቅሁም። ስለዚህ እሑድ ያስደነገጠኝን ነገር አስቀድሜ ጻፍኩት፤ ሌላው ይከተል።

ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። አንተን ስንቀብር የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ አሁን ጥምቀትም አልፎ የቀሐ ወንዝ ዳር ሣር ቢጫ ሆኗል። ሲኒማ ቤት ሸራውን የምትጠቁምባት ዘንግ የአያቴ ምርኩዝ ሆናለች። «ልጄ ነው የሚመራኝ» ትላለች። ካፖርትህን ለንስሐ አባታችን ሰጠናቸው። ለእሳቸው ይረዝማል፤ ከኋላ ሳያቸው ግን አሁንም ልቤ ዘሎ ይወድቃል። ቆመህ ፊልም የምታስተረጉምባትን ሣጥን የሲኒማ ቤቱ ዘበኛ ራሱ ተሸክሞ አመጣልን። መስኮቱ ሥር አኑረናታል፣ እሷ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ባንደኛው ጠርዝ በኩል የጫማህ ተረከዝ ያጎደጎደው ቦታ አለ። አንዳንዴ ጣቴን እዚያ ውስጥ አስገባለሁ።

ትንሿ ልጅህ ማንጠግቦሽም መጥታለች። አንተ ስታርፍ ቆላ ወርዳ፣ ሳንጃ፣ አክስታችን ቤት ነበረች። ያኔ ወባ ይዟት ስለነበር አክስቴ፣ «እንዲህ ሆና ብትሰማ አትተርፍልኝም» ብላ ላከች። የንስሐ አባታችንም «ሰውነቷ እስኪጠና ይቆይ» አሉ። ስለዚህ «አባትሽ ፊልም ሊመርጥ አስመራ ሄዷል» ተባለች። ከጥምቀት በኋላ ከሰሊጥ ነጋዴዎች ጋር በማኪና ስትመጣ ዓይኗ ብቻ ነበር የቀረው። አያቴ አይታት፣ «ገና ናት፣ ትንሽ ሥጋ ታውጣ» አለች።

የመጣች ዕለት ጠዋት ጥቁር ልብሳችንን አውልቀን የልብስ ሣጥኑ ውስጥ ደበቅነው። ጸጉሬን ግን የት ልደብቀው? ላንተ የተላጨሁት ገና እንደ ጃርት ቆሞ ነበር። «እታለም፣ ጸጉርሽ የት ሄደ?» አለችኝ። «ቅማል አስቸግሮኝ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ማን ይቅረበኝ! አብሬሽ አልተኛም ብላ ከአያቴ ጋር ተኛች። አያቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አንተን ከቀበርን ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከሳንጃ አንዲት ግራጫ የድመት ግልገል በቅርጫት ይዛ መጥታለች። ላንተ ነው ያመጣቻት። ስም አላወጣችላትም፤ «አባዬ ነው የሚያወጣላት» ትላለች። እስከዚያው «አንቺ» ነው የምትላት፣ እንደ ጎረቤት ሴት። «አንቺ፣ ነይ ጠጪ። አንቺ፣ ምነው ቧጨርሽኝ?» የአስመራው ማኪና ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ግልገሏን ታቅፋ ወደ ሲኒማ ቤቱ በር ትሮጣለች። ሾፌሩ አያ ካሳ የፊልሙን ቆርቆሮዎች ሲያወርድ እስኪጨርስ ቆማ ታየውና፣ «አባዬስ?» ትለዋለች። «በሚቀጥለው» ይላታል። ከዚያ ዞር ብሎ የታሰረውን ገመድ እንደገና ያስረዋል።

አያ ካሳ ባለፈው ሳምንት ያወረደው ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ያ ፊልም ነው አባዬ። የልጅቷና የድመቷ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ሳየው ወዲያው አወቅሁት።

የመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ማንጠግቦሽን ወልዳ ከታመመች በኋላ በዚሁ በአያ ካሳ ማኪና፣ በሊማሊሞ አድርጋ፣ በዛሪማ አልፋ አስመራ ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። እኔ እሷን እጠብቅ ነበር። እሑድ ሲደርስ ደግሞ አንተን ለመስማት ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ፊልሙ በጣሊያንኛ ይናገራል፤ አንተ ከሸራው ጎን ሣጥንህ ላይ ቆመህ በእኛ ቋንቋ ትመልሰዋለህ። ለጦረኛው የጦረኛ ድምፅ፣ ለሙሽራዋ የሙሽራ ድምፅ ትሰጣለህ። ሰው «የሸራው አፍ» ይልህ ነበር። ቤት ውስጥ ዝምተኛ እንደሆንክ፣ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለን አንዳች ሳንናገር እንደምናመሽ ማንም አያምንም ነበር።

ያኔ ያየሁትን ፊልም ከአንደበትህ እንደሰማሁት አንድም ሳይጎድል አስታውሰዋለሁ። አንዲት ልጅ ከባሕር አጠገብ ባለ ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ሰው ታፍራለች። እናቷ ቤት ውስጥ የለችም፤ ልጅቷ በመሸ ቁጥር መስኮቱ ላይ መብራት አኑራ ትጠብቃታለች። ያቺ እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። ግራጫ ድመት አለቻት። አንድ ቀን ድመቷ ፊቷን በእግሯ ታጥባ ስትጨርስ አፏን ከፍታ በጣሊያንኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች።

አንተም ቀጭን ድምፅ አወጣህና፣ «ምነው ሸጋዬ፣ ምን ሆንሽብኝ?» አልክ።

ልጆቹ ሳቁ። አንተ ግን ቀጥል ቀጥል ሲባል ዝም አልክ። የሚቀጥለው የጠፋህ መስሎኝ ተጨነቅሁ። ያኔ ከኋላ አንዱ ጠጅ የቀመሰ ሰውዬ፣ «አንተ የሸራው አፍ! እሷ ደግሞ የየት አገር ሰው ናት?» ብሎ ጮኸ።

«አፍህን ሰብስብ!» አልከው። «እመት ውሮ የቀሐ ናት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እንባዬ እስኪወርድ ድረስ ነው የሳቅሁት አባዬ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ እስኪያልቅ ድመቷ እመት ውሮ ሆነች።

እመት ውሮ ልጅቷን በጓሮው አሮጌ ግንብ መሐል መርታ አሳለፈቻት። ከግንቡ ወዲያ ሰፊ የአትክልት ቦታ አለ፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች ዛፍ ሥር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እናቷም እዚያ አለች፣ ጸጉሯን ፈትታ። አንተ፣ «ይህ የሐኪም ቤት ግቢ ነው» አልክ። «ነጭ የለበሱት በሽተኞችና አስታማሚዎች ናቸው። እናቷ እየዳነች ነው። 'ልጄ፣ ሂጂ፣ አባትሽ ብቻውን ነው፤ እኔም እመጣለሁ' ትላታለች።» ልጅቷ ተመለሰች። እመት ውሮ ከዚያ ወዲያ ተራ ድመት ሆነች፣ አልተናገረችም። በመጨረሻ ልጅቷ ወደ መስኮቱ ሄዳ መብራቱን እፍ ብላ አጠፋችው። «እናቷ ስለመጣች መብራቱ አላስፈለገም» አልክ። ሸራው ነጭ ሆነ።

ማንም አላጨበጨበም። ሴቶች በአጠገቤ ሲያልፉ ራሴን ደባበሱኝ። ድመቷን የወደዱልኝ መስሎኝ ነበር።

ያን ምሽት እኔም ኩራዟን መስኮታችን ላይ አኖርኳት። አንተ አየህ፣ እንዳለች ተውካት። ጎሕ ሲቀድ ግቢው የሰው ድምፅ ሞላው። የንስሐ አባታችን ቀድመው ገቡ፤ ኩራዟ እስከዚያ ሰዓት መብራቷ ገርሟቸው ይሆናል፣ ጎንበስ ብለው እፍ አሏት። አባዬ፣ ምን እንዳደረግሁ ታስታውሳለህ? ከመደቡ ዘልዬ ወረድኩና «እናቴ መጣች!» ብዬ እየሳቅሁ ወደ በሩ ሮጥኩ። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ጩኸታቸውን የለቀቁት ያኔ ነው።

እናቴ መሞቷን እንዲህ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ፊልም አላየሁም። እሑድ ሲደርስ ካፖርትህን ለብሰህ በሩ ላይ ቆም ትልና፣ «እናኑ፣ አትመጪም?» ትለኝ ነበር። እኔ አቀርቅሬ እቀራለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩህም፣ አንተም አልጠየቅኸኝም። በልቤ ግን ድመቷን ተቀይሜ ነበር። ይች የቀሐ ድመት እናትሽ ትመጣለች ብላ ዋሸችኝ፣ አልኩ። አንተ የሰማኸውን የምታደርስ ሰው ነህ፤ ፊልሙ የሚለውን ነው የምትለው። አንተን ለአንዲት ቀን እንኳ አልጠረጠርኩህም።

እሑድ ዕለት ማንጠግቦሽ ሥዕሉን አይታ ካልሄድን ብላ አለቀሰች። «ለአንቺም እናሳያት» አለች፤ ግልገሏን ማለቷ ነው። አያቴ «ውሰጃት፣ ትንሽ ይሳቅላት» አለችኝ። ግልገሏን ነጠላዬ ሥር ደብቀን ገባን። ዘበኛው ነጠላዬ ሲንቀሳቀስ አየ፣ ዓይኑን ወደ ጣራው አነሣ።

አሁን የሚያስተረጉመው ከአስመራ የመጣ ተስፋይ የሚባል ወጣት ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ላይ ነው የሚቆም። ድመቷ ፊቷን ታጠበች፣ አፏን ከፈተች። ተስፋይም በራሱ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለ።

«አይደለም!» አለ ከመሐል አንዱ ጎረምሳ። «'ምነው ሸጋዬ' ነው የምትል!»

«'ምን ሆንሽብኝ' በላ!» አለች አንዲት ሴት።

ያው የጠጁ ሰውዬ ከኋላ ነበር። አርጅቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። «ለመሆኑ የየት አገር ሰው ናት?» አለ።

ተስፋይ ግራ ገብቶት ወደ ሸራው ዞሮ አያት። «እኔ እንጃ ጌታዬ፣ የጣሊያን ትመስለኛለች» አለ።

«የቀሐ ናት!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

አባዬ፣ ሞተህም አልለቀቁህም። ሰው ሁሉ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። ማንጠግቦሽ ሳቋን ስትጨርስ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «የእናታችን አገር» አለችኝ። እንዲህ ብቻ። እሷ እናታችንን አታውቃትም፣ ከሰው የሰማችው ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን አየሁት። እናቴ የቀሐ ልጅ ናት። «ምነው ሸጋዬ፣ ምን ሆንሽብኝ» የእናቴ ቃል ነው፤ ስወድቅ፣ ስታመም፣ ሳኮርፍ የምትለኝ እሱን ነው። ለድመቷ የሰጠሃት የእናቴን አፍ ነበር።

ገና ከዚያ ድንጋጤ ሳልወጣ ልጅቷ በግንቡ መሐል አለፈች። አትክልቱ መጣ። ነጭ የለበሱት መጡ። ተስፋይ፣ «ይህ የሙታን ቦታ ነው» አለ። «ይህች እናቷ ናት፣ ከሞተች ቆይታለች።»

«ኧረ ሐኪም ቤት ነው!» አለ ያ ጎረምሳ።

«ትድናለች እኮ! አንተ ልጅ ጣሊያንኛው ጠፋብህ እንዴ?» አለ ሌላው።

«ጌቶቼ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ተስፋይ። «ሞታለች ነው የሚለው። 'ልጄ፣ ሂጂ፣ አባትሽ ብቻውን ነው። ከእንግዲህ አትጠብቂኝ፣ መብራቱንም አጥፊው' ነው ያለቻት።»

የሚጮኹት ያኔ እንደ እኔ ልጆች የነበሩት ናቸው። ትልልቆቹ ዝም ብለዋል። ከፊት የተቀመጡት አንድ ሁለት እያሉ ዞረው ያዩኝ ጀመር፤ እኔን አይተው ደግሞ ማንጠግቦሽን አዩ። ሳቁ ውኃ እንደ ተደፋበት እሳት ጠፋ። ከበሩ በኩል የአያ ካሳ ድምፅ፣ «ቀጥል ልጄ፣ እንዳልከው ነው» አለ። ልጅቷ መብራቱን እፍ ስትል አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ነጠላዬ ሥር የግልገሏ ማንኮራፋት ብቻ ነበር።

ሰው እንደማልደፍር ታውቃለህ። ሱቅ ልከኸኝ ባለሱቁ እስኪያየኝ ቆሜ የምቀር ነኝ። ስንወጣ ግን የአያ ካሳን ካፖርት እጅጌ ያዝኩት። ማንጠግቦሽ ራቅ ብላ ግልገሏን ታቀምሳት ዘንድ ውኃ ትፈልግ ነበር። «አያ ካሳ፣ ያኔ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ማኪናው ሊያዞር ነበር፣ እጅጌውን አልለቀቅሁትም።

«እኔው ነኝ ያመጣሁት» አለኝ። «ቆርቆሮውንም፣ የእናትሽንም መርዶ፣ ባንድ ማኪና። አባትሽን ጓሮ ጠርቼ ነገርኩት። ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። 'ዛሬ ይቅር፣ ሰዉን ልመልስ' አልኩት። 'እናኑ ከፊት ተቀምጣለች' አለኝ። 'አሁን ወጥቼ ባገኛት ፊቴን አይታ ታውቃለች። መርዶ የማለዳ ነው። እስከዚያ እዚያ ልቁም፤ በጨለማው ፊቴ አይታይም' አለኝ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ለገባው ሁሉ 'ልጅቷ አልሰማችም፣ አደራ' አልኩ። ፊልሙ ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ያች እናት ብቅ ስትል ጣሊያንኛ የሚሰማው ሁሉ ተያየ፤ የማይሰማውም የአባትሽን ድምፅ ሰምቶ ገባው።»

«ያ የጠጁ ሰውዬስ?» አልኩት።

«እሱንም ነግሬዋለሁ። አባትሽ 'ምነው ሸጋዬ' ብሎ ሲቆምበት ነው የጮኸለት። ሰካራም ነው፣ ግን ሰው ነው።»

እጅጌውን ለቀቅሁት። አባዬ፣ ሚስትህ መሞቷን በሰማህ በዚያው ሰዓት ሣጥን ላይ ወጥተህ ለአንዲት ድመት ቀጭን ድምፅ አወጣህ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ከፊት ወንበር እስቃለሁ። የደባበሱኝ ሴቶች ያውቃሉ። ዘበኛው ያውቃል። ልጅቷ መብራቱን ስታጠፋ ደግሞ ሌላ የምትለው ጠፍቶህ «እናቷ መጣች» አልክ፣ እኔም አመንኩህ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እየሳቅሁ ወደ በሩ ሮጥኩ። ያን ስታይ ምን ተሰማህ? ይህን ማንን ልጠይቅ?

የጉሮሮህ ሕመም ሲብስብህ፣ ድምፅህ ጠፍቶ በሹክሹክታ ብቻ በቀረህ ሰሞን አንድ ቀን እጄን ይዘህ፣ «እናኑ፣ ያች ድመት...» ብለህ ጀምረህ ነበር። እኔም «ተው አትናገር፣ ያምሃል» አልኩህ። ተውከው። ዛሬ ዛሬ ሲመጣብኝ አፌን በእጄ እይዛለሁ።

ከሲኒማ ቤቱ በቀሐ በኩል ዞረን ነው ወደ ቤት የሄድን። ፀሐይዋ ገና ከፍ ያለች ናት፣ ወንዙ ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ማንጠግቦሽ መንገዱ መሐል ቆመች።

«እታለም» አለችኝ። «ጸጉርሽን የተላጨሽው ለቅማል አይደለም፣ አይደል?»

እኔም ቆምኩ። አያቴን አሰብኩ። የንስሐ አባታችንን፣ ማለዳውን፣ ሽማግሌዎቹን አሰብኩ። ቤት እስክንደርስ እንኳ «ለቅማል ነው እንጂ» ብል ይበቃ ነበር። ግን ፊቴን እያየችኝ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። እኔ የምቆምበት ሣጥን የለኝ፣ የምደበቅበት ጨለማ የለኝ። ነገ ማለዳም ኩራዝ የሚያጠፋ ሰው እንዲቀድመኝ አልፈለግሁም።

«አይደለም» አልኳት። «አባዬ አስመራ አልሄደም። አባዬ ሞቷል፣ ማንጠግቦሽ።»

ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ፣ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ መልሼ ልይዘው የምችል ይመስል እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ግልገሏን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«እንግዲያ ለማኪናው አልሮጥም» አለች።

ይህን ካለች በኋላ ነው ተቀምጣ ያለቀሰችው። እኔም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አጣቢዎቹ ሲያዩን ልብሱን ጥለው መጡ፣ ከብበውን አብረው አለቀሱ። አንዷ እጇ ሳሙና እንደሆነ ደረቷን ትመታለች። ሲበቃት አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ «የኔ እናት፣ ማን ነው የሞተው?» አለችኝ። አባዬ፣ እኔ እንደዚያ እያለቀስኩ ልስቅ ነበር። «የሸራው አፍ ነው» አልኳት። «ዋይ! እሱን ከሆነማ!» አለችና እንደገና ጀመረች።

አያቴ ስትሰማ ዘንግህን መሬት ላይ መታቻት። «መርዶ በመንገድ! በቀትር! ማን አስተማረሽ እንዲህ ያለውን?» አለችኝ። አቀርቅሬ ቆምኩ። ለብዙ ጊዜ ተቆጣች። ከዚያ የልብስ ሣጥኑን ከፍታ ጥቁሩን አወጣች፤ የእሷን፣ የእኔን፣ ከሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀሚስ። በማንጠግቦሽ ልክ አሰፍታ፣ አጣጥፋ አኑራት ነበር። መቼ እንዳሰፋቻት አላየሁም። አለበሰቻት፣ እጅጌውም ልክክ አለላት። አያቴ ሥጋ ታውጣ ስትል ሰነበተች እንጂ ልኳን ታውቀዋለች።

ተቀይመሽኛል ወይ ብትለኝ አላውቅም ነው የምልህ። ደንግጫለሁ። ድመቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ለአንተ የሚሆነውን ገና እየፈለግሁ ነው። አንድ ነገር ግን አግኝቻለሁ። ተስፋይ ሲያስተረጉም ከአንተ ጋር ቃል በቃል የገጠመ አንድ ነገር ነበር፦ «ሂጂ፣ አባትሽ ብቻውን ነው።» ያን አልለወጥከውም። ያን ለእኔ በእውነቱ ነው የነገርከኝ። እኔ አልሰማሁህም፤ ስንት እሑድ በሩ ላይ ቆመህ «አትመጪም?» ስትለኝ ብቻህን ሰደድኩህ።

ዛሬ ጠዋት ማንጠግቦሽ፣ «የአባዬን ድመት ንገሪኝ፣ አባዬ እንደሚያወራት» አለችኝ። አፈርኩ። አያቴ በአገጯ ወደ ሣጥኗ አሳየችኝ። ወጣሁ አባዬ። እግሬን አንተ ያጎደጎድከው ቦታ ላይ አኖርኩ። ቀጭን ድምፅ አወጣሁና «ምነው ሸጋዬ፣ ምን ሆንሽብኝ?» አልኩ። አያቴ ከመደቡ ላይ ሆና፣ እያለቀሰች፣ «ለመሆኑ የየት አገር ሰው ናት?» አለችኝ።

አትክልቱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሐኪም ቤት ነው አላልኩም። «ይህች እናቷ ናት፣ ሞታለች» አልኩ፣ እንደ ተስፋይ። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን እንዴት ልበለው? ማንጠግቦሽ በዚያ ባጠረ ጸጉሯ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ትናንት አያቴ ለአንተ ቆርጣላታለች። ስለዚህ እኔም እንዳንተ አደረግሁ፣ ለወጥኩት። «'ልጄ፣ ሂጂ፣ እህትሽ ብቻዋን ናት' ትላታለች» አልኩ። መብራቱን ግን አልለወጥኩም። እናቷ እንደማትመጣ ስላወቀች አጠፋችው፣ አልኩ።

ሙት ዓመትህ በደረሰ ቁጥር ሣጥንህ ላይ እቆማለሁ። ሰው ቢመጣም እቆማለሁ፣ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እቆማለሁ። ቃሌ ነው። ማንጠግቦሽ ስትረሳ እኔ አስታውሳታለሁ፣ እኔ ስረሳ እሷ አትምረኝም።

ግልገሏም ስም ወጥቶላታል። አንተን አልጠበቀችም፣ ማንጠግቦሽ ራሷ ናት ያወጣችላት። እመት ውሮ ተብላለች። የተወለደችው ሳንጃ ነው፤ የየት አገር ናት ብሎ ለሚጠይቀን ግን የቀሐ ናት እንለዋለን።

ልጅህ እናኑ